የጣሪያ ልብስ

ይህ ጽሑፍ ስለ ባሕር ነው፤ ስለ ባሕር በር ግን አይደለም። የባሕር በሩን ጉዳይ እዚሁ ቻናል ላይ ብዙ ተባብለንበታል፣ ዛሬ እንረፍ። የዛሬው ባሕር ቡታጅራ ከተማ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ የመስታወት ገንዳ ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ወርዱም ቁመቱም ግማሽ ሜትር። ከበላዩ ተሰቅሎ የነበረው መብራት ባለፈው መስቀል የሰባት ዓመት ልጅ ሊገድልብን ነበር። መብራቱ ሲሰቀል መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ክልል ጥያቄ፣ ስለ መንገድ መዘጋት ስጽፍ የምታውቁኝ ሰዎች «ይሄ ሰውዬ ደግሞ መብራት መስቀል ጀመረ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ታገሱኝ። ገንዳ ያለን ጥቂት ነን፤ ኮርኒስ ግን ብዙዎቻችን አለን።

የአጎቴ ልጅ ጅዳ 11 ዓመት ሠርቷል። በመጨረሻ የሠራበት ቤት ውስጥ ግድግዳ የሚያክል የባሕር ውኃ ገንዳ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያጸዳው እሱ ነው። ሥራው ፍቅር ሆነበት። ስልክ ስንደዋወል ስለ ደመወዙ ስጠይቀው እሱ ስለ ኮራል ያወራኛል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ዓይን የማያያቸው አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ እሱ ከእነሱ ይቀለባል። ብርሃን ሲያጣ ይገረጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ቀይ ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ በየቀኑ ያያል። እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የምናየው በቴሌቪዥን ነው።

ሲመለስ ሁለት ሻንጣ ይዞ መጣ። አንዱ ውስጥ ለልጆቹ ልብስና ጫማ። ሌላው ውስጥ ደግሞ ውኃ ላይ ሲበተን ባሕር የሚያደርግ ጨውና ለኮራል የተሠራ መብራት። አክስቴ ሻንጣው ሲከፈት አይታ «ልጄ፣ አሞሌ እዚህ ጠፍቶ ነው?» አለችው። እሱ ግን ስሌቱን ጨርሷል፤ ለአንድ ሊትር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው፣ ለ300 ሊትር ከ10 ኪሎ በላይ። ገንዳውን አዲስ አበባ አሠራና በአይሱዙ አስጫነው። ሳሎኑ ውስጥ አቆመው፣ ድንጋይ ደረደረበት፣ ውኃ ሞላው። ኮራሉን «ውኃው ሲበስል አመጣለሁ» ብሎ ለወደፊት አቆየው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሳየው ተናድጄ ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ወልቂጤ ነው። 300 ሊትር ማለት ለእኔ 15 ጀሪካን ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ የወልቂጤ ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ «ውኃ!» ሊል አደባባይ ወጥቶ የሰው ሕይወት እንደጠፋ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ከተማ መጥቶ 15 ጀሪካን ውኃ ለድንጋይ ሲሰጥ ማየት ይከብዳል። ግን ሰውየው በሰው አገር 11 ዓመት አንገቱን ደፍቶ ሠርቷል። ያማረውን አንድ ነገር ቢያስቀምጥ ማን ይከለክለዋል? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ያልነበረብኝ ሌላ ቦታ ነው፤ አሁን እመጣበታለሁ።

* * *

መብራቱ እንደ ሳሎን አምፖል ቀላል አይደለም። ሙቀቱን የሚያወጣበት ወፍራም የአሉሚኒየም አካል አለው፣ ማራገቢያ አለው፣ የሚሸከመው የብረት ማዕቀፍ አለው። ስንት ኪሎ እንደሆነ ስንሰቅለው ማናችንም አልጠየቅንም። የመዘንነው ከወደቀ በኋላ ነው፣ የቅርጫ ሥጋ በመዘንንበት ሚዛን። 11 ኪሎ።

የተሰቀለው ነሐሴ 3 ቀን ነው። ከሰፈሩ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። ልጁ መሰላሉን ወጥቶ ኮርኒሱን በእጁ ገፋ አደረገውና ወረደ።

«ጋሼ፣» አለው የአጎቴን ልጅ፣ «ይሄ ቺፑድ ነው፣ አልተማመንበትም። ነገ ልምጣና ኮርኒሱ ውስጥ ገብቼ ከጣሪያው እንጨት ጋር ላስረው። ቡሎንና ሞራሌ ይገዛል። ለዚያ 1,500 ብር ጨምሩልኝ።»

እኔና የአጎቴ ልጅ ተያየን። ዝናቡ እያጉረመረመ ነው፣ መሽቷል፣ እኔም በነጋታው ወደ አዲስ አበባ መመለስ አለብኝ። «ኧረ ተው አንተ ልጅ፣ አራት ብሎን ለማጥበቅ 1,500 ብር?» ያልኩት እኔ ነኝ። የአጎቴ ልጅ ሳቀ። ልጁ ትንሽ ተከራከረ፣ ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀና መሰላሉን ወጣ። ቺፑዱን በትራፓኖ በሳ፣ ፊሸር ከተተ፣ አራት መንጠቆ አሰረ፣ መብራቱን ሰቀለ፣ ገመዱን አሁን ያለው ሶኬት ላይ ሰካ። ውኃው ሰማያዊ ሆኖ ሳሎኑን ሞላው። አክስቴ እልል አለች።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ላንሳ። ለመብራቱ የከፈለውን ብር አልናገርም፣ ሰውን ማሳቀቅ ይሆናል። ከእሱ ጋር ሲነጻጸር 1,500 ብር የቡና ነው። ለሚያበራው ነገር ያለ ክርክር ከፈልን፤ በሚይዘው ነገር ላይ ግን ተከራከርን፣ በክርክሩም አሸነፍን።

* * *

መስከረም 15፣ የደመራ ዋዜማ። የጉራጌ ሰው መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። መርካቶ ያለውም፣ ሐዋሳ ያለውም፣ ውጭ ያለውም ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሙስሊሙ ወገናችን ለአረፋ እንደሚገባው። ቤቱ ሞልቷል። ጓዳ ክትፎ ይከተፋል፣ ቆጮው ተዘርግቷል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። «ዛሬም?» አልን፣ ተማረርን፣ ሻማ ተለኮሰ።

የአጎቴ ልጅ ሴት ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ከደብተሯ ወረቀት ጀልባ ሠርታ ነበር። ወንበር ስባ ገንዳው አጠገብ ወጣች። በአንድ እጇ የአባቷን ስልክ እያበራች በሌላው ጀልባዋን ውኃው ላይ አስቀመጠች። ሁላችንም እያየናት ነበር። ፎቶ ያነሳትም አለ።

መጀመሪያ የሰማነው ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ነው። የመብራቱ አንድ ጎን ዝቅ አለ። ለአፍታ ያህል ተንጋድዶ ቆመ፣ ከዚያ ከነቺፑዱ ስባሪ ውኃው ውስጥ ገባ። ልጅቷ ከራስ እስከ እግሯ ራሰች፣ ከወንበሩም ወደቀች። እናቷ ጮኸች። አንስተን ስናያት ምንም አልሆነችም፤ ጀልባዬ ብላ ነው የምታለቅሰው።

ከዚያ የሆነውን ነው እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ። ልጅቷ ደህና መሆኗን ስናይ ሳቅን። የአጎቴ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ መብራቱን ሊያወጣ ሁለት እጁን ውኃው ውስጥ ከተተ። ውድ ዕቃ ነው፣ ሳይበላሽ ሊያተርፈው ነው። እኔ ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ከውኃው ይወጣል፣ በግድግዳው ይሄዳል፣ ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። መብራት የጠፋው በሰፈር እንጂ በእኛ ቤት አይደለም። በማንኛዋም ሰከንድ ሊመጣ ይችላል።

«እጅህን አውጣ!» ብዬ ጮህኩና ወደ ውጭ ሮጥኩ። ብሬከሩ ከቆጣሪው አጠገብ ነው። በጨለማ ዳብሼ ዋናውን አወረድኩት። ተመልሼ ሳሎን ገብቼ፣ የአጎቴ ልጅ ምን እንዳስጮኸኝ እየጠየቀኝ ሳለ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከሰፈሩ ሁሉ ያ የምታውቁት የልጆች ጩኸት ተሰማ፤

«መጣ!»

ጎረቤቱ በሙሉ በራ። የእኛ ቤት ብቻ ጨለማ ነበር። የአጎቴ ልጅ የረጠቡ እጆቹን አየ፣ ከዚያ ልጁን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ስለ መብራት መጥፋት ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። የዚያን ዕለት ማታ ግን ልጅቷን ያተረፋት መጥፋቱ ነው። ይህን ስጽፍ ለመጥፋቱ መሟገቴ አይደለም። የልጅ ሕይወት በአጋጣሚ መጥፋት ላይ መንጠልጠሉ ነው የሚያሳፍረኝ።

* * *

ከበዓሉ በኋላ ወልቂጤ ወዳሉ አንድ አናጺ ደወልኩ። እናቴ ቤት ጎረቤት ናቸው፣ ልጅ እያለሁ ከእንጨት መኪና ይሠሩልኝ ነበር። ከወልቂጤ ቡታጅራ በካርታ ቅርብ ይመስላል፤ መካከል ያለው የዘቢዳር ተራራ ግን ቀልድ አያውቅም። ቢሆንም ሽማግሌው መጡ። ገንዳው ያን ጊዜ ባዶ ነው። መብራት የገባበት ውኃ ለእንስሳ አይሆንም ብለን ደፍተነዋል። ጨው ስለሆነ ለእንሰትም አልሆነ፤ 15 ጀሪካን ውኃ በከንቱ ፈሰሰ።

አባባ ወንበር ላይ ወጥተው ኮርኒሱን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ። ዶም፣ ዶም፣ ዶም። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ደግሞ አንኳኩ። ጥብ።

«ሰማህ ልጄ?» አሉኝ። «ዶም ያለው ባዶ ነው። ጥብ ያለው ላይ እንጨት አለ። እናንተ የሰቀላችሁት ዶም ላይ ነው።» ከዚያ ስባሪውን ቺፑድ አንስተው በጣታቸው ፈተጉት፤ እንደ ቆሎ ቂጣ ፍርፍር አለ። «ይሄ ጣሪያ አይደለም እኮ። የጣሪያ ልብስ ነው። ልብስ ላይ ዕቃ ይሰቀላል?»

ለምን ያን ያህል ቀን ይዞ ቆይቶ እንደወደቀ ጠየቅኳቸው። ከነሐሴ 3 እስከ መስከረም 15፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ 47 ቀን ነው። የመለሱልኝን ከሌላ ባለሙያ ከሰማሁትና ካነበብኩት ጋር አዳብዬ በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ።

ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ የተሠራ ስስ ሰሌዳ ነው። ደረቅ ሳለ ብሎን ይይዛል። እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሙጫው ይላላል፣ ብሎኑ የነከሰው ነገር ዱቄት ይሆናል። ክፍት ገንዳ ደግሞ ቀን ከሌሊት ይተናል። እንፋሎቱ በቀጥታ የሚወጣው ወዴት ነው? ወደዚያው ወደ መንጠቆዎቹ። ላዩ ላይ ክረምቱ አለ። የተረጨው የጨው ውኃ ሲደርቅ ጨዉ ብረቱ ላይ ይቀራል፣ ብረቱን ያዝገዋል። መንጠቆዎቹን ሳያቸው በ47 ቀን ውስጥ ቀልተው ነበር።

ሌላም የተሳሳትነው ሒሳብ አለ። «11 ኪሎ ለአራት ቢካፈል ለአንዱ መንጠቆ ሦስት ኪሎ እንኳ አይደርስም» ብለን ነበር። አራት ገመድ ግን እኩል አይወጠርም። አንዱ ሚሊ ሜትር ያህል ከረዘመ ይላላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሰያፍ ያሉት ሁለቱ ተሸክመው ሁለቱ ለታይታ ነው የሚቆሙት። ከሁለቱ አንዱ ሲነቀል ሸክሙ ሁሉ በድንገት ሌሎቹ ላይ ይወድቃል። ያየነውም ይህንኑ ነው፤ አንዱ ጎን ዝቅ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ተከታተለ።

አባባ የኮርኒሱን መግቢያ ከፍተው ገቡ። እኔም የእጅ ባትሪ ይዤ ተከተልኩ። በሕይወቴ የኮርኒስ ውስጥ ስገባ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እናንተም ካልገባችሁ አንድ ቀን ግቡ፤ ከታች የምናየውና ከላይ ያለው ሁለት የተለያየ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ተጠማዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለው አቧራ ላይ ተኝተዋል። የጣሪያው እንጨት ግን ደህና የበሰለ ባሕር ዛፍ ነው። «ባሕርህን ባሕር ዛፍ ይሸከምልሃል» ብለው ሳቁ።

ሥራው ይህን ይመስል ነበር። ወፍራም ሞራሌ አመጡ። ጎን ለጎን ባሉት ሁለት የጣሪያ እንጨቶች ላይ አጋድመው አስቀመጡት። ከታች አልቸነከሩትም፤ ከላይ ነው ያስቀመጡት። ሞራሌውን ከላይ እስከ ታች በስተው ቡሎን አሳለፉበት፤ ከላይ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ፣ ከታች የተዘጋ ቀለበት። «ወደ ታች የሚጎተት ምስማር አንድ ቀን ይወጣል» አሉኝ። «ቡሎኑ ግን እንዲወጣ ከፈለግህ እንጨቱን መሰንጠቅ አለብህ።» ከላይ የተቀመጠ ይሸከማል፣ ከታች የተለጠፈ ይለቃል፤ የሥራው ጥበብ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። መንጠቆ ሳይሆን የተዘጋ ቀለበት የመረጡት ደግሞ ሲወዛወዝ ገመዱ ዘሎ እንዳይወጣ ነው። ገመዶቹ የማይዝግ ብረት ሆኑ። በመጨረሻ ከሌላ የጣሪያ እንጨት ጋር የታሰረ አምስተኛ ገመድ ጨመሩ፣ ላላ ብሎ የሚንጠለጠል። ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው፤ አራቱ ቢከዱ እሱ መብራቱን ከውኃው በላይ ያስቀረዋል።

መብራቱን ወዲያው አልሰቀሉትም። «ሲሚንቶ አለህ?» አሉት የአጎቴን ልጅ። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፣ የመብራቱን አራት እጥፍ ይበልጣል። ገንዳውን ፈቀቅ አድርገን ከረጢቱን ቀለበቶቹ ላይ አሰሩትና «እስከ ነገ» ብለው ቡና ጠጡ። ሲሚንቶው ሳሎን መሐል ተንጠልጥሎ አደረ። ጠዋት በሜትር ለኩት፤ አልወረደም። ያኔ መብራቱን ሰቀሉ።

* * *

የእንጨቱ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ። ኤሌክትሪኩ ግን ገና ነው፤ በደንብ የተሰቀለ መብራትም ገመዱ ውኃ ከመራው ይገድላል።

ያን ወጣት ኤሌክትሪሺያን አስጠራነው። ይቅርታ ጠየቅነው። አላኮረፈም፤ «ነግሬያችሁ ነበር» እንኳ አላለም። መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነው፤ መብራት ባይጠፋ ኖሮ ብሬከሩ ይቆርጥልን አልነበረም?

«አይቆርጥም ነበር» አለኝ። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ሲያልፍበት ነው የሚወርደው፤ ያ 16,000 ሚሊ አምፔር ማለት ነው። በደረቱ በኩል የሚያልፍ የሰውን ልብ ሊያውክ የሚችለው ግን ከ30 ሚሊ አምፔር ጀምሮ ነው። ከ500 እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። ሰው እየሞተ ብሬከሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ይላል። ሰውን የሚጠብቀው አር.ሲ.ዲ የሚባለው ነው። የሄደው ኤሌክትሪክ ሁሉ መመለሱን ይቆጥራል፤ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ሳይመለስ ሌላ መንገድ ካገኘ፣ ማለትም በሰው በኩል ወደ መሬት ከሄደ፣ በቅጽበት ይቆርጣል። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በወር አንዴ ተጭኖ መቁረጡን ማየት ነው። የቤቱ የመሬት ሽቦም መሬት ውስጥ መቀበሩን ቆፍሮ አየው። ተቆርጦ ነበር፤ ቀጠለው።

ከዚያ ገመዱን አነሳ። 220 ቮልቱን ወደ ዝቅተኛ ቮልት የሚለውጠውን ሳጥን ከገንዳው አርቆ ግድግዳ ላይ አሰረው፤ ወደ መብራቱ የሚሄደው ከእንግዲህ ደካማው ብቻ ነው። ሶኬቱን ከገንዳው በላይ ሳይሆን በጎን አራቀው። ወደ ሶኬቱ የሚገባውን ገመድም ቀጥ አድርጎ አልወጠረውም፤ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንደ ማንጠልጠያ ተጠማዝዞ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ አደረገው። ለምን? በሳር ክዳን ቤት ያደገ ሰው ይገባዋል። ጠፈጠፉ ሁልጊዜ የሚንጠባጠበው ከዝቅተኛው ጫፍ ነው። በገመዱ ላይ ውኃ ቢወርድ ከታጠፈው ላይ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

አሁን መብራቱ ከውኃው 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ልጁ ስንት እንደጠየቀን ልንገራችሁ? መጀመሪያ ከጠየቀን ትንሽ ከፍ ይላል። በዚህኛው ዙር የተከራከረ አልነበረም።

* * *

አሁን ወደ እናንተና ወደ እኔ ልመለስ።

አያቴ ቤት ትልቅ የጉራጌ ጎጆ ነበር። መሐሉ ላይ ምሰሶው ቆሟል፤ የጣሪያው እንጨቶች ከእሱ ተነስተው እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሚሸከመውን ነገር ነው። ዕቃ የሚሰቀለው በጠፍር ተጠልፎ ነው፣ በማገሩ ላይ ዞሮ። ወደ ላይ የተቸነከረ ነገር አላስታውስም። ቤቱ ምን ላይ እንደቆመ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ቀና ማለት ብቻ ይበቃል።

አሁን የምንሠራው ቤት ተሸካሚውን ይደብቃል። ቺፑዱ ይለጠፋል፣ ይቀባል፣ ጂፕሰሙ ይደረደራል፣ መብራቱ ይሰካል። ከዚያ ላይ ምን እንዳለ ባለቤቱ አያውቅም። ብዙዎቻችን ቤታችንን የምንሠራው ከሩቅ ነው፣ በስልክ። ከአዲስ አበባ፣ ከጅዳ፣ ከደቡብ አፍሪካ ብር ይላካል፣ ፎቶ ይመጣል። ፎቶው ላይ የሚታየው ቀለሙና መብራቱ ነው። የኮርኒስ ውስጥ ፎቶ ላኩልኝ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መስቀል ሲደርስ ደግሞ ቤቱ ማለቅ አለበት፣ እንግዳ ይመጣል። ያልታየው ነገር ለሌላ ጊዜ ይተዋል።

ሌላው የሚያሳስበኝ ባለሙያውን የምናይበት ዓይን ነው። አገራችን የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በመናቅ ረጅም ታሪክ አላት፤ እኛም ጉራጌዎች ከዚህ ነፃ አይደለንም። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ የእንጨት ሥራችንን የሚሠሩልን ወገኖች እንዴት ተገልለው ይኖሩ እንደነበር ጽፏል። ቤታችንን ሠርተውልን በዚያው ቤት ማዕድ አናቀርባቸውም ነበር። ያ ዘመን አልፏል እንላለን። ነገር ግን ያ ወጣት «አልተማመንበትም» ሲለን ቃሉን እንደ ሙያ ምክር ሳይሆን እንደ ዋጋ ማስወደጃ ነው የሰማነው። ሐኪም «ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል» ቢለን ቅር ብሎንም ቢሆን እንከፍላለን። ኤሌክትሪሺያን ሲለን «ሊበላን ነው» እንላለን።

ልጁም ጥፋት የለበትም አልልም። «እንዲህ ከሆነ አልሠራም» ብሎ መሰላሉን ማጠፍ ይችል ነበር። ነገር ግን የዕለት ጉርሱን የሚያባርር ወጣት «አልሠራም» እንዲል፣ አልሠራም ሲል የሚያከብረው ደንበኛ ያስፈልገዋል። እኛ ያን ደንበኛ አልነበርንም። የወረዳው ባለሙያ ቤት ለቤት እየዞረ ኮርኒስ እስኪፈትሽ መጠበቅም የዋህነት ነው፤ መጀመሪያ ማስተካከል የምችለው የራሴን አፍ ነው።

እኔ ራሴ እንደ ጋዜጠኛ ከዚህ አልተሻልኩም። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ስለ መብራቶቹ ጽፌያለሁ፤ አንዳንዴ አድንቄ፣ አንዳንዴ ተችቼ። ምሰሶው በምን እንደታሰረ፣ ሽቦው የት እንደተቀበረ፣ ማን በየወሩ እንደሚፈትሸው ጠይቄ ግን አላውቅም። ምርቃት ላይ ሪቫን ይቆረጣል እንጂ ቡሎን አይታይም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኛ ደግሞ ቆጡ ራሱ ምን ላይ እንደተሠራ ሳናይ ነው ዕቃ የምንደረድርበት።

ስለዚህ ለዛሬ የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ቤታችሁ ውስጥ ከሰው ራስ በላይ የተሰቀለውን ከባድ ነገር ፈልጉ፤ መብራትም ይሁን ማራገቢያ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ቴሌቪዥንም ይሁን ቁም ሳጥን። ከሥሩ የሚተኛ ልጅ ካለ ከእሱ ጀምሩ። በጣታችሁ አንኳኩ። ዶም ካለ ሰው ጥሩ። የተጠራው ሰው «ወደ ላይ ገብቼ ላስረው» ካለ አትከራከሩት። ውኃ አጠገብ ኤሌክትሪክ ካላችሁ አር.ሲ.ዲ እንዳላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ሌላውን ወጪ አቆዩና እሱን አስቀድሙ። ያገኛችሁትንም አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ገንዳው አሁን እንደገና ተሞልቷል። ኮራሉ ገና አልመጣም፤ የአጎቴ ልጅም እንደ ድሮው አይቸኩልም። ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ነበርኩ። ልጅቷ አዲስ ጀልባ ሠርታ፣ ወንበሯን ስባ ወጣች። ጀልባዋን ውኃው ላይ ከማስቀመጧ በፊት ቀና ብላ መብራቱን አየች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ «አባ፣ አምስተኛው ገመድ አለ አይደል?» አለች።

«አለ» አላት።

ጀልባዋን ለቀቀቻት።